ስሙን ለማያውቁት አበባ ስም ማውጣት



አንድ ሰው የማያውቀውን ነገር ሲጠየቅ፣ ማንንም ለመጉዳት ሳያስብ፣ የመሰለውን ብቻ ቢመልስ ምን እንለዋለን? ውሸታም እንዳንለው ሐሰት መሆኑን አውቆ አልተናገረም። እውነተኛ እንዳንለው እውነቱ በእጁ አልነበረም። ተሳሳተ ብለን እንዳናልፈው ደግሞ፣ የሚሳሳት ሰው አውቃለሁ ብሎ ያመነ ሰው ነው፤ ይህኛው ግን አለማወቁን ልቡ ያውቃል። ታዲያ የዚህ ሰው ሥራ ስሙ ማን ይባል?

እኔ ራሴ ያን ሰው ሆኜ ስለተገኘሁ ነው ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት። ነገሩ የአንዲት የሜዳ አበባ ነገር ነው፤ ትንሽ ነው። ከአበባይቱ ጋር ታስሮ የመጣው ጥያቄ ግን ትንሽ ሆኖ አላገኘሁትም።

ትውልዴ ፍኖተ ሰላም ነው። አዲስ አበባ ገብቼ በሒሳብ ሥራ መተዳደር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ቢያልፍም፣ ክረምቱ ሲወጣ ወደ አገሬ ብቅ ማለቴን አልተውኩም። የአባቴ እኅት ከቡሬ ከተማ ወጣ ብላ በገጠር ስለምትኖር፣ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቼ በማንኩሳ በኩል አድርጌ እርሷን ሳልጠይቅ አልመለስም። በመስከረም ያን መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል። ግራና ቀኙ በቆሎ፣ በርበሬና ዳጉሳ ነው፤ ኑጉ ቢጫ መልበስ ይጀምራል፤ አደዩም በየወሰኑ ቆሞ ይጠብቃል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በእንደዚህ ያለ መስከረም አክስቴ ደጅ ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ፣ የአጥር ጎረቤቷ የሆኑ አዛውንት ገበሬ መጡ። እኚህ ሰው ክርስቲያን ናቸው፤ ከአክስቴ ባል ጋር በሬ ተጣምደው ያረሱ፣ በሐዘንም በደስታም ከቤቱ የማይጠፉ ናቸው። በእጃቸው አንድ ተክል ይዘዋል። ቁመቱ ከጉልበት በላይ ነው። ቅጠሉ እንደ አሪቲ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። ጫፉ ላይ ጥቃቅን ነጫጭ አበቦች ተርከፍክፈውበታል።

«ልጄ፣ አንተ ተምረሃል፤ አገርም አይተሃል። ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የት አገኙት ጋሼ?»

«እዚያ መንገዱ ዳር፣ መኪና አሸዋ ካራገፈበት ቦታ። በዕድሜዬ አይቼው አላውቅም። በሬዬ አሸተተውና ትቶት ሄደ። ለገበያ ስወጣ ለልማት ሠራተኛው ላሳየው ብዬ ነው የነቀልኩት።»

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ይህን ንግግር ነው። እኚህ ሰው አላውቀውም ካሉት ተክል ሦስት ነገር አውቀዋል። አዲስ መሆኑን አውቀዋል። ከአሸዋው ጋር መምጣቱን ጠርጥረዋል። ከብት እንደሚሸሸው አይተዋል። ከዚያም በላይ ለማን እንደሚያሳዩት ወስነዋል።

እኔስ ምን አውቅ ነበር? አንድ ጊዜ ለሥራ ድሬዳዋ ሄጄ፣ በዚያ ደረቅ አገር በመንገድ ዳር ይህን የመሰለ ነጭ አበባ ብዙ ሆኖ አይቻለሁ። ስሙን አልጠየቅሁም። የማውቀው ይኸው ነው። ነገር ግን አክስቴ እያየችኝ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ከበውኛል፤ አዛውንቱም «ተምረሃል» ብለውኛል። «አላውቅም» የምትለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ተክሉን ተቀብዬ አገላበጥኩና፣ «ይሄማ የበረሃ አሪቲ ነው፤ ምንም አይደለም» አልኩ።

«የበረሃ አሪቲ» የሚባል ነገር ሰምቼም አንብቤም አላውቅም። እዚያው ቁጭ ባልኩበት የፈጠርኩት ስም ነው።

«እንግዲያው ተገላገልኩ» አሉ አዛውንቱ። ተክሉን ለአክስቴ ሰጧት። አክስቴም አሪቲ ጠረኑ ደስ ይላል፣ ተባይም ያርቃል ብላ ከጓሮዋ አጥር ሥር ተከለችው። እኔም አዲስ አበባ ተመለስኩ፤ ነገሩንም ረሳሁት።

በዓመቱ ስመለስ የአጥሩ ሥር፣ ከአጥሩም ወዲያ ያለው የከብት መዋያ፣ ነጭ በነጭ ሆኗል። አክስቴ እጆቿና አንገቷ ቆስለዋል፤ እያሳከካት ሌሊት አትተኛም። የላሚቱ ወተት መሮ ልጆቹ አልጠጣም ብለዋል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ቅባት ተሰጥቷታል፤ ቅባቱን ተቀብታ ደግሞ ያንኑ ተክል በባዶ እጇ ታርማለች። በዚያው ሳምንት የልማት ሠራተኛው በሌላ ጉዳይ መጥቶ ጓሮውን ሲያይ ደነገጠ። «ይሄ ቅንጬ አረም ነው! ማነው አሪቲ ነው ያላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

አክስቴ ወደ እኔ አላየችም። «ሰው ነው ያለን» አለች።

እኔም ዝም አልኩ። መልሱን ስሰጥ ያልከበደኝ አፍ ያን ቀን ከበደኝ።

ለመሆኑ ይህ ቅንጬ አረም ምንድን ነው? የሳይንስ ሰዎች ፓርቴኒየም የሚሉት ነው። ትውልዱ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ያለው የአሜሪካ ምድር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ሕንድን፣ አውስትራሊያንና የአፍሪካን ብዙ አገሮች ወርሯል። ወደ ሕንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከውጭ ከመጣ ስንዴ ጋር ነው ይባላል። በአገራችን በምሥራቅ በኩል፣ በድሬዳዋና በሐረርጌ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መታወቅ ጀመረ። አመጣጡን አንዳንዶች በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከነበረው የኦጋዴን ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎች ደግሞ በረሀብ ጊዜ ከገባው የእርዳታ እህል ጋር ያያይዙታል። አንዱ ተክል ብቻውን ከ10 ሺህ በላይ ዘር ያፈራል። ከበቀለ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያብባል። ዘሩ በመኪና ጎማ፣ በአሸዋ፣ በጭቃ፣ በጎርፍና በእህል ውስጥ ተደብቆ ይጓዛል። ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገር በአጠገቡ ያለው ሌላ ተክል እንዳይበቅል ያፍናል። በሐረርጌ የማሽላ ማሳ ላይ የተደረገ ጥናት፣ አረሙ ሳይነቀል ሲቀር ምርቱን ከ40 እስከ 97 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሲነኩት ቆዳ ያቆስላል፤ ብናኙ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ከብት ርቦት ከበላው ወተቱም ሥጋው ይመራል።

የሶማሌ ወገኖቻችን ይህን አረም «ከሊጊ ኖሌ» ይሉታል፤ ብቻውን የሚኖር ማለት ነው። በአንዲት ስም ጠባዩን በሙሉ ተናገሩ። በዚህ ስም ውስጥ ማስጠንቀቂያ አለ። እኔ ባወጣሁለት ስም ውስጥ ግን ማባበያ ብቻ ነው ያለው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ራሴን ስከስ የቆየሁባቸውንና ራሴን ለመከላከል ያቀረብኳቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ ላቅርብና አንባቢ ይፍረድ።

የመጀመሪያው መከላከያዬ «ክፉ አላሰብኩም» የሚል ነው። ሥራ በኒያ ነው ሲባል ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ እኔም በዚህ ለመጠለል ሞክሬአለሁ። ነገር ግን የዚያን ቀን ኒያዬን መልሼ ስመረምረው ገበሬውን ለመጥቀም የታሰበ ሆኖ አላገኘሁትም። ለመጉዳትም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ እንዳላፍር ነው። ሰውየው ስለ ማሳቸው ጠየቁኝ፤ እኔ ስለ ክብሬ መለስኩላቸው። ስለዚህ «ክፉ አላሰብኩም» ማለት ብቻውን አያድነኝም። መልሱ የተጠየቀበትን ነገር ለማገልገል ካልታሰበ፣ ኒያው ገና ከመነሻው ቦታውን ስቷል።

ሁለተኛው መከላከያዬ «ሌላ ሰው መጠየቅ ይችሉ ነበር» የሚል ነው። አዎን ይችሉ ነበር፤ ሊጠይቁም ተነሥተው ነበር! ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ። ብዙ ጊዜ የተሳሳተ መልስን የምናስበው በባዶ ቦታ ላይ እንደተጣለ ቆሻሻ ነው፤ ይጠረጋል፣ ይነሳል እንላለን። እኔ ግን ከዚህ አበባ የተማርኩት ሌላ ነው። ስም የሌለው ነገር ሰውን ያስጠይቃል፣ ያስኬዳል፣ ያስጠነቅቃል። ስም ሲሰጠው ግን ጥያቄው ያበቃል፤ ሰውም ያርፋል። የሐሰት ስም ጉዳቱ ስሕተት መጨመሩ ብቻ ሳይሆን፣ እውነቱ ሊመጣበት የነበረውን መንገድ መዝጋቱ ነው። አዛውንቱ «ተገላገልኩ» ያሉት ለዚህ ነው። ከምን ተገላገሉ? ከመጠየቅ።

ሦስተኛው መከላከያ ከሁለቱ የበለጠ ክብደት አለው፤ ከወዳጆቼም አንዱ አንሥቶብኛል። «ሰው ሁሉ እርግጠኛ እስኪሆን ድረስ አላውቅም እያለ ዝም ቢል፣ ማን ማንን ይረዳል? ሐኪምም ይገምታል፣ ገበሬም ይገምታል» አለኝ። እውነት ነው። «አላውቅም» የስንፍና መጠጊያ ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ቤት እሳት ሲያይ «አላውቅም» ብሎ በሩን የሚዘጋ ሰው ትሑት አይባልም። ግምትም ኃጢአት አይደለም፤ ግምት ነው ተብሎ ከተነገረ። «ድሬዳዋ ይህን የመሰለ አይቻለሁ፤ ስሙን ግን አላውቀውም፤ እባክዎ ለልማት ሠራተኛው ያሳዩት» ብል ኖሮ የማውቀውን ሁሉ በሰጠሁ ነበር፤ ያላወቅሁትንም ባልሰጠሁ ነበር። እንዲያውም ያቺ «ድሬዳዋ አይቻለሁ» የምትለው ቃል ለባለሙያው ትልቅ ፍንጭ በሆነች ነበር። የፈጠራ ስም ስሰጥ ግን በእርግጥ የነበረኝን ትንሽ እውቀትም አብሬ ቀበርኩት። እንግዲህ «አላውቅም» ሁለት ዓይነት ነው ማለት ነው፤ በር የሚዘጋ አለ፣ መንገድ የሚያሳይም አለ።

ቀደምት ሊቃውንት ይህን ልዩነት ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ፣ የግሪካዊው የዲዮስቆሪዶስ የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ፣ ተርጓሚው ኢስጢፋን ኢብኑ ባሲል ነበር፤ ሥራውን ያረመው ደግሞ ታዋቂው ሁነይን ኢብኑ ኢስሐቅ ነው። ኢስጢፋን የዐረብኛ ስማቸውን የሚያውቃቸውን ዕፅዋት በዐረብኛ ጻፈ። የማያውቃቸውን ግን የመሰለውን ስም አልለጠፈባቸውም፤ የግሪክኛውን ስም እንዳለ ተወው። ወደፊት አላህ የሚያውቃቸውን ሰው ያመጣል ብሎ ተስፋ ማድረጉን የአንዳሉሱ ሐኪም ኢብኑ ጁልጁል ነግሮናል። ያ ተስፋ ከንቱ አልሆነም። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ951፣ ኒቆላዎስ የሚባል የቢዛንታይን መነኩሴ ወደ ቁርጡባ መጣ። በዚያም የኸሊፋው ባለሟል የነበረው አይሁዳዊው ሐስዳይ ኢብኑ ሸፕሩጥና ሙስሊም ሐኪሞች ከእርሱ ጋር ተቀምጠው፣ ያልታወቁትን ዕፅዋት አንድ በአንድ ለይተው አብዛኞቹን አወቋቸው። ኢስጢፋን ክፍተቱን በግምት ደፍኖት ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች የሚፈልጉት ነገር ባልኖራቸው ነበር። የተከፈተ ጥያቄ ለሚመጣው ትውልድ አማና ነው፤ በሐሰት የተዘጋ ጥያቄ ግን የተቀማ ሐቅ ነው።

አቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪም በዚያው መቶ ዘመን ስለ ዕፅዋት በጻፉት ትልቅ መጽሐፍ የበረሃ ዘላኖች አበባውንና ቁጥቋጦውን ምን ብለው እንደሚጠሩት ለቅመው አስፍረዋል። የበረሃውን አበባ የበረሃውን ሰው ጠየቁ ማለት ነው። በማላጋ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1248 በደማስቆ የሞተው ኢብኑ አል-በይጧር ከ1,400 በላይ መድኃኒቶችን በዘረዘረበት መጽሐፉ፣ የቀደሙት ሰዎች አንዱን ተክል በሌላው ስም የጠሩበትን ስሕተት እየለየ አርሟል፤ ለዚህም ከአንዳሉስ እስከ ሶርያ ተጉዟል። ኢማም ማሊክ ደግሞ ከሩቅ አገር ተልኮ የመጣ ሰው ካቀረበላቸው ጥያቄዎች ለአብዛኞቹ «አላውቅም» ብለው መመለሳቸው በሰፊው ይነገራል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት፣ አደም ስሞችን ሁሉ በተማረበት ታሪክ፣ መላእክት ስለ ስሞቹ ሲጠየቁ ካስተማርከን በቀር እውቀት የለንም ማለታቸውን በቁርኣን እናነባለን። መላእክት ያላፈሩበትን ቃል እኔ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ አፈርኩበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን በጣም የሚቆጨኝ አለማወቄ ሳይሆን፣ በፊቴ የቆመውን እውቀት መናቄ ነው። አዛውንቱ የበሬአቸውን ነገር ሲነግሩኝ ማስረጃ እየሰጡኝ ነበር። እኔ ግን እውቀት ከእኔ ወደ እርሳቸው ብቻ የሚሄድ መሰለኝ። ይህ የእኔ ብቻ በሽታ አይደለም፤ የከተማችን በሽታ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ሴቶቹ እንዶድን ለዘመናት ያውቁታል። እርሱ እነርሱ ያወቁትን ሳይንቅ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ጠየቀ፤ በዚያም የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ መግደያ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸለመበት። የእውቀት በር የተከፈተው በመመልከትና በመጠየቅ እንጂ በመሰየም አልነበረም።

በዚሁ በእኛ አገር በጎጃም ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሰከላ ግሽ ዓባይ ደርሷል። አገሬው ዋጊኖስ የሚለውን፣ ለተቅማጥ የሚያገለግለውን ተክል ከአገሬው ሰው ተማረ፤ ዘሩንም ይዞ ሄደ። ዛሬ ተክሉ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ የሚጠራው በብሩስ ስም ነው። መድኃኒትነቱን ያስተማረው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም። እንግዲህ ትክክለኛ ስምም ቢሆን የሰው ሐቅ ሊቀርበት ይችላል። ስም መስጠት ሥልጣን ነውና።

ታዲያ አንድን ያልታወቀ አበባ በትክክል ለመለየት ምን ያስፈልጋል? ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍል። ተክሉ ከአበባው፣ ከቅጠሉ፣ ከተቻለም ከፍሬውና ከሥሩ ጋር ይወሰዳል። በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ፣ ከባድ ነገር ተጭኖበት ይደርቃል። (ይህችም የምታነቡት ጋዜጣ ለዚያ ታገለግላለች!) ከአጠገቡ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የመሬቱ ከፍታና ዓይነት፣ የአበባው ቀለምና የአገሬው ስም ይጻፋል። ከዚያም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ከተቀመጡት የደረቁ ናሙናዎች ጋር ይነጻጸራል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ተዘርዝረው የታተሙበት ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ እስከ 2009 ድረስ ወስዷል። አንድ አገር የራሱን አበቦች በስማቸው ለመጥራት የብዙ ምሁራንን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል ማለት ነው። እኔ በሠላሳ ሴኮንድ ጨረስኩት።

ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ የናሙናው ወረቀት ነው። ተክሉን የለቀመው ሰው ስም አንድ ቦታ ይጻፋል፤ የተክሉን ማንነት የወሰነው ሰው ስም ደግሞ ለብቻው ይጻፋል። የለቀመው ሰው ማንነቱን ካላወቀ ባዶውን ይተወዋል፤ ነውር የለበትም። የወሰነው ሰው ግን ፈርሞ ነው የሚወስነው። በኋላ የመጣ ባለሙያ ስሕተት ካገኘ የፊተኛውን አይፍቀውም፤ ከጎኑ የራሱን ፈርሞ ይለጥፋል። ስም የሰጠ ይጠየቅበታል። እኔ ላወጣሁት ስም የፈረምኩበት ወረቀት ቢኖር ኖሮ አክስቴ «ሰው ነው ያለን» ብላ ባልሸፈነችኝም ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ልጨምር። ቅንጬ አረምን የሚበላ አንድ ትንሽ ጥንዚዛ ከትውልድ አገሩ ከሜክሲኮ ተገኝቶ በብዙ አገሮች ተለቋል፤ ወደ እኛም አገር መጥቷል። ነገር ግን ተመራማሪዎች ወዲያው ሜዳ ላይ አልበተኑትም። በተዘጋ ቤት ውስጥ አኑረው፣ የእኛን ሰብል ይበላ እንደሆነ ፈተኑት፤ ከሁሉም በላይ የፈሩለት ለኑጋችን ነበር። ኑግና ቅንጬ አረም ከአንድ ቤተሰብ የሚወለዱ ናቸውና። መሳዩ ሁሉ አንድ አይደለም። ጠላታችን የሆነው አረምና ዘይታችንን የሚሰጠን ኑግ ዘመዳሞች ሲሆኑ፣ በመልክ ብቻ መፍረድ ምን ያህል ያሳስታል!

ውድ አንባቢያን፤ ምናልባት «እኛ ከተማ ነው የምንኖረው፤ አረምና አበባ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ግን እስቲ በየዕለቱ የምንሠራውን እናስተውል። ጎረቤት ስለ ሕመሙ ሲያማክረን የመድኃኒት ስም እንጠራለን። ስለ ዲን ስንጠየቅ ኪታብ ሳንገልጥ ፈትዋ እንሰጣለን። ዛሬ ደግሞ ስልካችንን ከኪሳችን አውጥተን አበባውን ፎቶ ስናነሳው ስም ይነግረናል። ስልኩ የሚነግረን ግምት መሆኑን እንረሳና ለሌላው እንደ እርግጥ እናስተላልፋለን። ከዚህም የከፋ አለ፤ ሰውን እንሰይማለን። «እገሌ እንዲህ ነው፣ የእነ እገሌ ወገን ነው» እንላለን። አንድ ጊዜ ስም ከወጣለት በኋላ ስለዚያ ሰው የሚጠይቅ አይኖርም፤ ሁሉም ተገላግሏል። በአሪቲ ስም አረም ቤት እንደገባው ሁሉ፣ በአረም ስም ስንት አሪቲ ተነቅሎ ይሆን?

ታሪኬን ልጨርስ። በደል የሰው ሐቅ ካለበት በጸጸት ብቻ አያልቅም፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ያስፈልጋል። እኔም በሦስተኛው ዓመት ሄድኩ። አክስቴንና አዛውንቱን አንድ ላይ አስቀምጬ፣ «ያን ጊዜ የነገርኳችሁን ስም እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አላውቀውም ነበር» አልኩ።

አክስቴ «ተወው፣ አላህ ይቅር ይበልህ» አለች። አዛውንቱ ግን ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ እኮ አላውቅም ብዬ ነው ወዳንተ የመጣሁት። አንተስ አላውቅም ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?» አሉኝ።

እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ እጃችንን በፌስታል ጠቅልለን፣ አፍንጫችንን በነጠላ ሸፍነን፣ ሳያብብ ለመድረስ እየተሽቀዳደምን ስንነቅል ዋልን። የአክስቴ እጅ አልሐምዱሊላህ ተሽሎታል። አረሙ ግን ዘሩ አፈር ውስጥ ብዙ ይቆያልና በየክረምቱ ጥቂት ጥቂቱ ብቅ ይላል፤ በየክረምቱም ይነቀላል። ያልተነቀለው ስሙ ነው። ባለፈው ስሄድ አንድ የሰፈር ልጅ ከመንገዱ ዳር ያንኑ ነጭ አበባ እያሳየ፣ «ይሄ የበረሃ አሪቲ ነው» ብሎ ለታናሹ ሲያስተምረው ሰማሁ። አጠገባቸው ተንበርክኬ ትክክለኛ ስሙን ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ የነገርኳቸውን ግን ለስንቱ ያደርሱት ይሆን? የመጀመሪያውን ከእኔ ሳይጠይቁ ነው የወረሱት።

ብዙዎቻችን የምናውቀውንም የማናውቀውንም ከተናገርን በኋላ በመጨረሻ «ወላሁ አዕለም» እንላለን። አላህ ይበልጥ ያውቃል ማለት ነው። መልካም ልማድ ነው። እኔ ግን ያን መስከረም ቃሉን ማለት የነበረብኝ አዛውንቱ ተክሉን ሲዘረጉልኝ፣ አፌን ከመክፈቴ በፊት ነበር።

ወላሁ አዕለም።